ውዲ ጋትሪ፦ የአቧራው ዘመን አዝማሪ

በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ መጻፍ ለአንዳንድ አባላት እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዚህ ሰው ሥራ ከመድረክና ከጭብጨባ ይልቅ ከአፈር፣ ከስንዴ፣ ከመሬቱ ከተፈናቀለ ጭሰኛና ከመስኖ ግድብ ጋር የተቆራኘ ነው። በግብርና ኮሌጅ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ትምህርት ስንማር የ1930ዎቹ የአሜሪካ የአቧራ ማዕበል ሳይነሳ አይቀርም፤ ቁጥሩን ለፈተና አጥንተነዋል። አፈሩ ሲጠፋ ሰው ምን ሆነ ለሚለው ጥያቄ ግን የተሻለ መልስ ያለው ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ውዲ ጋትሪ ከሚባለው ጊታር ተሸካሚ ዘንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

ሙሉ ስሙ ውድሮው ዊልሰን ጋትሪ ነው። ጁላይ 14 ቀን 1912 በኦክላሆማ ግዛት፣ ኦኪማ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ስሙ የተወሰደው ከልደቱ 12 ቀን ቀደም ብሎ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት ካጨው ከውድሮው ዊልሰን ሲሆን፣ ዊልሰንም በዚያው ዓመት ተመርጧል። ከስም አወጣጡ ብቻ አባቱ ቻርሊ ጋትሪ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ መገመት ይቻላል። መሬት እየገዙ የሚሸጡ፣ በአካባቢው ፖለቲካ ውስጥ የሚሳተፉ፣ ንግግር የሚሆንላቸው ሰው ነበሩ። እናቱ ኖራ ደግሞ ከቀደሙት የወረዱትን ረጃጅም የታሪክ ዘፈኖች ለልጆቻቸው ያንጎራጉሩ ነበር።

ቤተሰቡን እሳት ይከታተለው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዲስ የሠሩት ቤት ውዲ ከመወለዱ በፊት ተቃጠለ። በ1919 ታላቅ እህቱ ክላራ በእሳት ተቃጥላ ሞተች። በ1927 አባቱ ክፉኛ ተቃጠሉ። በእነዚህ ዓመታት እናቱም ባሕርያቸው እየተለወጠ፣ ሰውነታቸው ከቁጥጥራቸው ውጭ እየተንቀሳቀሰ፣ ያለ ምክንያት እየተቆጡ አስቸገሩ። ጎረቤት አበዱ አለ። በመጨረሻ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰዱና በ1930 እዚያው አረፉ። የያዛቸው ሀንቲንግተን የሚባል፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ ነበር። ይህን በሽታ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከታች እንመለስበታለን።

ኦኪማ ሌላም ጠባሳ ነበራት። ውዲ ከመወለዱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1911 ሎራ ኔልሰን የምትባል ጥቁር እናትና ወጣት ልጇ በመንጋ ፍርድ ከከተማዋ አቅራቢያ ከሚገኝ ድልድይ ላይ ተሰቅለው ተገድለዋል። አባቱ ጥቁሮችን ያሳድድ የነበረው የኩ ክለክስ ክላን ማኅበር አባል እንደነበሩ ውዲ በኋላ ተናግሯል፤ ስለ ግድያውም ዘፈኖች ጽፏል። ያደገበትን አስተሳሰብ ለመጣል ግን ጊዜ ፈጅቶበታል።

የአባቱ ንግድ ከወደቀና ቤተሰቡ ከተበተነ በኋላ ውዲ በልጅነቱ ጫማ እየጠረገ፣ በየመንገዱ ሀርሞኒካ እየነፋ ኖረ። በ1929 አባቱን ተከትሎ በቴክሳስ ግዛት ወደምትገኘው ፓምፓ ሄደ። ጊታር ያስተማረው አጎቱ ጄፍ ነው። ትምህርቱን አልጨረሰም፤ ነገር ግን የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ደንበኛ ነበር። ለእንጀራው የሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይቀባ ነበር። በ1933 ሜሪ ጄኒንግስን አገባና ሦስት ልጆች ወለዱ።

አፈሩ ለምን ተነሳ?

የውዲን ዘፈኖች ለመረዳት መጀመሪያ መሬቱ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ሙያዬ ትንሽ እንድዘገይ ያስገድደኛል። ከቴክሳስ ሰሜናዊ ጫፍ እስከ ካንሳስና ኮሎራዶ የሚዘረጋው ሜዳ ዝናቡ በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይዘል፣ ነፋሱ የማያቋርጥ አገር ነው። አፈሩን ይዞት የኖረው ሥሩ ጠልቆ የሚገባ የሣር ምንጣፍ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፓ ስንዴ ሲቸግረው መንግሥት አርሶ አደሩ ስንዴ እንዲያመርት ገፋፋ። 27 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው አንድ ቡሼል ስንዴ 2 ዶላር አወጣ። ሣሩ ተገለበጠ። ጦርነቱ አልቆ ዋጋው ሲወርድ አርሶ አደሩ የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ሲል ማሳውን አሰፋ እንጂ አልቀነሰም። በ1931 ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ሆነ። ዋጋ የወደቀው አንዱ ብቻውን ብዙ ስላመረተ አይደለም፤ ሁሉም በየፊናው አንድ ዓይነት ስሌት ስላሰላ ነው። የጋራ ገበያ የሌለው አምራች የሚገባበት ወጥመድ ይህ ነው፤ የማኅበሮቻችን መሥራቾች በሚገባ ያውቁታል።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በዲስክ ማረሻ ተፈጭቶ ዱቄት የሆነው ባዶ መሬት ለነፋስ ተሰጠ። የተጎዳው መሬት 40 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። በሜይ 1934 የተነሳው አቧራ ከሜዳው ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሚገኙት በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ከተሞች ላይ ወረደ። ከብቱ በአቧራ ታፈነ፣ ሕፃናትና አረጋውያን በአቧራ ሳቢያ በሚመጣ የሳንባ ምች ሞቱ። ሴቶች በርና መስኮቱን በረጠበ ጨርቅ እየወተፉ፣ ሳህኑን ገልብጠው እያስቀመጡ ኖሩ።

ኤፕሪል 14 ቀን 1935 እሑድ ነበር። ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነበር። ከቀትር በኋላ ከሰሜን በኩል እንደ ተራራ ሰንሰለት የጠቆረ ግድግዳ መጣ። ከፊቱ ወፎች ይሸሹ ነበር። ወደ ማታ ፓምፓ ሲደርስ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መብራቱን ማየት እስኪያቅተው ድረስ ጨለመ። ቀኑ ጥቁር እሑድ ተብሎ ይታወሳል። ውዲ ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ነበር። ብዙዎቹ የዓለም ፍጻሜ መጣ ብለው ተሰነባበቱ። ከዚህ መሰነባበት ተነስቶ ውዲ ከታወቁት ዘፈኖቹ አንዱን ጻፈ። የሚገርመው ዘፈኑ ሙሾ አለመሆኑ ነው፤ ቀልድ አለበት። በዚያ መከራ ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ሊቀልደው የሚችለው ዓይነት ቀልድ ነው።

ከጥቁር እሑድ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአሜሪካ ምክር ቤት ሂዩ ሀሞንድ ቤኔት በሚባሉ ባለሙያ የሚመራ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሕግ አቋቋመ። ከዚያ በኋላ በኮንቱር ማረስ፣ ቃርሚያን መሬት ላይ መተው፣ ነፋስ የሚሰብር ዛፍ መትከል ተስፋፋ። እስከ 1942 ድረስ ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተክሏል። ከ1937 ጀምሮ ደግሞ አርሶ አደሮች ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው የሚያቋቁሟቸው የአፈር ጥበቃ ወረዳዎች ተመሠረቱ። ከላይ የመጣ ትእዛዝ ብቻውን እንደማይሠራ እነሱም የተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ምዕራብ

በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ከሜዳማ ግዛቶቹ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው እንደለቀቀ ይነገራል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳት ነገር አለ። ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱት አብዛኞቹ በቀጥታ አቧራው የነቀላቸው አልነበሩም፤ ከኦክላሆማ ምሥራቅ፣ ከአርካንሳስና ከመሳሰሉት የጥጥ አገሮች የመጡ ጭሰኞች ነበሩ። መንግሥት የጥጥ ምርት እንዲቀንስ ለባለመሬቱ ገንዘብ ሲከፍል፣ ባለመሬቱ በገንዘቡ ትራክተር ገዝቶ ጭሰኛውን አስወጣው። ፖሊሲው በወረቀት ላይ ትክክል ነበር። ክፍያው ለማን እንደሚደርስ ግን አልታሰበበትም። ውዲም ራሱ ገበሬ አልነበረም፤ የትውልድ ከተማው ኦኪማም ከአቧራው ቀጠና ውጭ ናት። ይህን ይዘው እሱን ለማሳነስ የሚሞክሩ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ዘፋኝ የሚመዘነው ስንት ጥማድ በማረሱ አይደለም። በአቧራው ውስጥ ኖሯል፣ ከተሰዳጆቹ ጋር በጭነት ባቡርና በእግር ተጉዟል፣ ያየውን በትክክል ተናግሯል።

ካሊፎርኒያ እንግዶቿን በደስታ አልተቀበለችም። በ1936 መጀመሪያ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ 136 አባላቱን ወደ ግዛቲቱ ድንበር ልኮ ገንዘብ የሌለውን መንገደኛ እያስቆመ ያስመልስ ነበር። የገዛ አገራቸው ዜጎች ነበሩ እንግዲህ። ያለፉትም ፍሬ ለመልቀም ተራ ይጠብቃሉ፤ አንድ ሥራ ለሦስት ሰው ስለሚሆን የቀን ሂሳቡ ይወርዳል። ውዲ ስለዚህ ኬላና ስለ ባዶ ኪስ የጻፈው ዘፈን እስከ ዛሬ ይዘፈናል።

በ1937 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኬ ኤፍ ቪ ዲ በሚባል የራዲዮ ጣቢያ መዝፈን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ማክሲን ክሪስማን ከምትባል ሴት ጋር አብረው ያቀርቡ ገቡ። አድማጮቻቸው በየካምፑና በየእርሻው ያሉ ተሰዳጆች ነበሩ፤ የራሳቸውን አነጋገር በራዲዮ ሲሰሙ ደብዳቤ ጎረፈ። በዚያው ዓመት አንድ ቀን ጥቁሮችን የሚያዋርድ ቃል ያለበት የቆየ ዘፈን አሰማ። አንድ ጥቁር አድማጭ ቅሬታውን በደብዳቤ ጻፈለት። ውዲ ደብዳቤውን በአየር ላይ አነበበው፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ዳግመኛም ያን ቃል እንደማይጠቀም አስታወቀ። ከኦኪማ ይዞት የመጣው አስተሳሰብ መላቀቅ የጀመረው ከዚህ ነው።

በእነዚህ ዓመታት በተሰዳጆች ካምፕ፣ በሥራ ማቆም ሰልፍ፣ በማኅበር ስብሰባ ላይ ይዘፍን ነበር። ካምፖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም። አብዛኞቹ ውሃና መጸዳጃ የሌላቸው የቦይ ዳር ድንኳኖች ሲሆኑ፣ መንግሥት በአርቪን ያቋቋመውን የመሰሉት ግን ንጹሕ ውሃ ነበራቸው፤ ነዋሪዎቹም በመረጡት ኮሚቴ ይተዳደሩ ነበር። ጆን ስታይንቤክ በ1939 ባሳተመው ታላቅ ልብ ወለድ ውስጥ ያን ካምፕ አግኝቶታል። ውዲ ከልብ ወለዱ የተሠራውን ፊልም አይቶ መላውን ታሪክ በአንድ ረጅም ዘፈን ጠቅልሎታል። መጽሐፍ መግዛት ለማይችለው ወገኑ ሲል ነው የጻፈው።

በፖለቲካ ረገድ ወደ ኮሙኒስቶች ያደላ ነበር፤ በጋዜጣቸውም ላይ በገጠር ሰው አነጋገር አምድ ይጽፍ ነበር። በ1939 እነሱ ስለ ሶቪየት ኅብረት ያሉትን ተቀብሎ ማስተጋባቱ ዛሬ ሲታይ ትችት የሚገባው ነው። ይህ አቋሙ የራዲዮ ሥራውን አሳጣው።

በ1940 ክረምት ኒው ዮርክ ገባ። በጉዞው ሁሉ ራዲዮው የሚያሰማው አገሪቱን እግዚአብሔር እንዲባርክ የሚለምነውን የአርቪንግ በርሊንን ዘፈን ነበር። ዘፈኑ ውዲን አናደደው። ዳቦ ለመቀበል የተሰለፈውን ሕዝብ አይቶ ለመጣ ሰው ምርቃቱ ባዶ ሆኖ ተሰማው። ፌብሩዋሪ 23 ቀን ርካሽ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ መልስ ጻፈ፤ ዜማውን ካርተር ፋሚሊ ከሚባሉ የተራራ ዘፋኞች ወሰደ። ይህም «ይህች ምድር ያንተ ናት» የሚለው ዘፈን ነው። ዛሬ የአሜሪካ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ያላስተማሩት ግን የግል ይዞታ ስለሚል የክልከላ ሰሌዳና እርዳታ ለመቀበል ስለተሰለፈ ሕዝብ የሚናገሩትን ስንኞቹን ነው። እነዚያ ከወጡ ዘፈኑ የጉብኝት ማስታወቂያ ይሆናል፤ ከገቡበት ደግሞ ምድሪቱ የማን ናት የሚል ጥያቄ ነው።

ስለ ዜማ አወሳሰዱ አንድ ነገር እንጨምር። ውዲ አዲስ ዜማ ለመፍጠር እምብዛም አይጨነቅም ነበር። ሰው የሚያውቀውን ዜማ ወስዶ አዲስ ቃል ይጭንበታል። በደቦ የሚያጭድ የኛ ገበሬም ዜማውን ከአባቱ ወስዶ ግጥሙን ለዕለቱ ያበጃልና ይህ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንም። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሰሚው በሁለተኛው ዙር አብሮ ይቀበላል።

በዚያው ዓመት አለን ሎማክስ የተባለው የባህል ሙዚቃ ሰብሳቢ የውዲን ዘፈንና ወግ ለአገሪቱ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በድምፅ ቀዳ። ቪክተር የተባለው ታላቅ የሸክላ ኩባንያም የአቧራ ዘፈኖቹን አሳተመለት። ሸክላው ያኔ ብዙ አልተሸጠም። አንድ የትምባሆ ድርጅት ደግሞ በጥሩ ደመወዝ የራዲዮ አቅራቢ አደረገው። ነገር ግን የሚዘፍነውን ድርጅቱ ይመርጥለት ስለነበር በ1941 መጀመሪያ ሥራውን ጥሎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን በመኪና ጭኖ ወደ ምዕራብ ተመለሰ። ለመርሕ ብሎ ደመወዝ መተው ያስከብራል፤ ወጪውን የከፈሉት ግን ሜሪና ልጆቹ ነበሩ።

የኮሎምቢያ ወንዝ 30 ቀናት

ከሕይወቱ ሁሉ የኅብረት ሥራ አባላትን በይበልጥ ይመለከታል ብዬ የማምነው የሜይ 1941 ወር ነው። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በሚፈሰው የኮሎምቢያ ወንዝ ላይ መንግሥት ሁለት ታላላቅ ግድቦች ሠርቶ ነበር፤ ቦነቪልና ግራንድ ኩሊ። ግራንድ ኩሊ 168 ሜትር ከፍታና ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርዝመት አለው። ኃይሉን ማን ያከፋፍለው የሚለው ግን አከራካሪ ነበር። የግል ኩባንያዎች ትርፍ አያመጣም ብለው ወደ ገጠር መስመር አይዘረጉም ነበር። በ1935 በአሜሪካ ከአሥር እርሻ ኤሌክትሪክ የነበረው አንዱ ያህሉ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር ተቋቋመና አርሶ አደሮች እየተደራጁ የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሠረቱ፤ ከመንግሥት በተገኘ ብድር ምሰሶውን ራሳቸው ተከሉ። በ1937 የወጣው የቦነቪል ሕግም ከግድቡ የሚመነጨውን ኃይል በመግዛት ረገድ ለሕዝብ ተቋማትና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ቅድሚያ ሰጠ።

ይህን ለሕዝብ ለማስረዳት ኃይሉን የሚሸጠው መሥሪያ ቤት ፊልም ሊሠራ አሰበ፤ ለፊልሙም ዘፈን የሚጽፍ ሰው ፈለገ። ውዲ ለ30 ቀን ተቀጠረ። ደመወዙ 266 ዶላር ከ66 ሳንቲም ነበር። ኤልመር ቢዩለር የሚባል ሾፌር በመኪና ይዞት በወንዙ ዳር፣ በአፕል እርሻውና በስንዴ ማሳው አዞረው። ውዲ ከኋላ ተቀምጦ ጊታሩን እየነካካ ይጽፍ ነበር። በወሩ መጨረሻ 26 ዘፈን አስረከበ። በቀን አንድ ማለት ይቻላል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ወይም አራቱ ከሥራዎቹ ሁሉ ምርጥ ናቸው፤ የቀሩት የመሥሪያ ቤት ትእዛዝ ይሸታሉ ቢባል ውዲም የሚቀየም አይመስለኝም። ከምርጦቹ አንዱ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞረ የሌላውን ማሳ ስለሚሰበስብ ተሰዳጅ ሠራተኛ ይናገራል። የውዲ ተስፋ ቀጥተኛ ነበር፤ በአቧራ የተሰደደው ሰው ግድቡ በሚያጠጣው መሬት ላይ እንደገና ባለ እርሻ ይሆናል የሚል ነው።

ተስፋው በከፊል ተፈጸመ። ጦርነት መጥቶ የግድቡ ኃይል በቅድሚያ ለአውሮፕላን ፋብሪካዎች አሉሚኒየም ማምረቻ ዋለ። የመስኖ ውሃው በስፋት የተለቀቀው ከጦርነቱ በኋላ ሲሆን፣ ዛሬ ከ270 ሺህ ሄክታር በላይ ያጠጣል። በሌላ በኩል ግራንድ ኩሊ የዓሣ መሻገሪያ ስላልተሠራለት ሳልመን የተባለው ዓሣ ወደ ላይኛው ወንዝ መውጣት ለዘለዓለም ተቋረጠበት። ኬትል ፎልስ የተባለው ለሺህ ዓመታት ዓሣ የሚጠመድበት ፏፏቴ በውሃ ተዋጠ። በ1940 የአካባቢው ነባር ነገዶች እዚያ ተሰብስበው ፏፏቴውን አልቅሰው ተሰናበቱት። የኮልቪል ነገዶች 53 ሚሊዮን ዶላር ካሳ የተወሰነላቸው በ1994 ነው። በውዲ የግድብ ዘፈኖች ውስጥ ይህ ለቅሶ አይሰማም። የአቧራውን ተፈናቃይ ያየ ዓይን የውሃውን ተፈናቃይ አላየም። የልማት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ዘፈኖቹን ስናደንቅ ይህንንም አብረን ማየት ይገባናል።

ፊልሙ የወጣው በ1949 ነው። በኋላ ሌላ አስተዳደር ሲመጣ ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ታዘዘ፤ ያው ሾፌር ቢዩለር ጥቂቱን ቤቱ ደብቆ እንዳተረፈ ተናግሯል። ዘፈኖቹም ተበታትነው ከቆዩ በኋላ በ1980ዎቹ የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ፈልጎ አሰባሰባቸው። አንዱ በ1987 የዋሽንግተን ግዛት የሕዝብ ዘፈን ሆኖ በሕግ ጸድቋል።

ቀሪውን በአጭሩ እንለፈው። ከፒት ሲገርና ከጓደኞቹ ጋር የሠራተኛ ማኅበራት ዘፈን የሚጫወት ቡድን መሠረቱ። በ1943 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በጦርነቱ ጊዜ በንግድ መርከብ ላይ አገልግሏል፤ የተሳፈረባቸው መርከቦች ተመትተዋል። ከሜሪ ተለያይቶ ማርጆሪ ማዚያ የተባለች ዳንሰኛ አገባ። በ1947 የአራት ዓመት ልጃቸው ካቲ በቤት ውስጥ እሳት ሞተች። እሳቱ እንደገና አገኘው።

ጃንዋሪ 28 ቀን 1948 በካሊፎርኒያ ሎስ ጋቶስ ሸለቆ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 32 ሰው ሞተ። 28ቱ ወደ አገራቸው የሚመለሱ የሜክሲኮ የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። አንዳንዶቹ ውላቸው ያለቀ፣ አንዳንዶቹ ያለ ወረቀት የገቡ ናቸው። የዜና ዘገባው የአውሮፕላኑን ሠራተኞችና የጥበቃውን ስም ዘርዝሮ ሌሎቹን ተባራሪዎች ብሎ አለፋቸው። ውዲ ይህን ሰምቶ ግጥም ጻፈ። ፍሬውን የለቀሙልንን ሰዎች ስማቸውን እንኳ እንዴት አናውቅም የሚል ነው። ለሟቾቹ ስም እያወጣ ተሰናበታቸው። ግጥሙን ሲጽፍ ዜማ አልነበረውም፤ ማርቲን ሆፍማን የተባለ ወጣት ከዓመታት በኋላ ዜማ አበጀለት።

በዚህ ጊዜ ሰውነቱ መክዳት ጀምሮ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆጣል፣ ይጠፋል። ሰው ሰካራም መሰለው። በ1952 ሐኪሞች የእናቱ በሽታ እንደሆነ ነገሩት። ክንዱ በእሳት ተቃጥሎ ጊታር መምታት አቃተው። ከ1956 ጀምሮ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወረ ኖረ። ማርጆሪ ቀደም ብለው ቢፋቱም አልተለየችውም፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ቤት አምጥታ ታስተናግደው ነበር። በ1961 ቦብ ዲላን የተባለ የ19 ዓመት ልጅ ከሩቅ መጥቶ የራሱን የውዲን ዘፈኖች ዘፈነለት። ውዲ መናገር እያቃተው፣ በመጨረሻም በዓይኑ ብቻ እየተግባባ ኦክቶበር 3 ቀን 1967 በ55 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። ማርጆሪ በዚያው ዓመት በሽታውን የሚታገል ማኅበር አቋቋመች። በሽታውን የሚያመጣው ጂን በ1993 ተለይቶ ታወቀ።

ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ግጥም ትቷል፤ አብዛኛው ዜማው ሳይመዘገብ የቀረ ስለሆነ ከ1990ዎቹ ወዲህ ሌሎች ሙዚቀኞች ዜማ እየሠሩለት አሳትመዋል። የትውልድ ከተማው ኦኪማ በኮሙኒስትነት ስለጠረጠረችው ለማክበር ብዙ ዘግይታለች፤ በስሙ ዓመታዊ የሙዚቃ በዓል የተጀመረው በ1998 ነው። በጃንዋሪ 2009 ባራክ ኦባማ ሥልጣን በያዙበት ሰሞን በዋሽንግተን በተደረገው ኮንሰርት ፒት ሲገር በ89 ዓመቱ ከብሩስ ስፕሪንግስቲን ጋር ስለ ምድሪቱ የተጻፈውን ዘፈን አሰማ፤ የተተዉትን ስንኞችም ጨምሮ።

በሎስ ጋቶስ የሞቱት 28 ሠራተኞች ፍሬዝኖ ከተማ በሚገኝ መካነ መቃብር በአንድ ጉድጓድ ነው የተቀበሩት። ለ65 ዓመታት በላያቸው የነበረው ጽሑፍ በአውሮፕላን አደጋ የሞቱ የሜክሲኮ ዜጎች ከማለት በቀር ስም አልነበረውም። ቲም ሄርናንዴዝ የተባለ የዚያ አካባቢ ደራሲ፣ እሱም የእርሻ ሠራተኞች ልጅ፣ የውዲን ዘፈን ተከትሎ መዝገብ አገላበጠ፣ ቤተሰብ አፈላለገ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2013 የ28ቱም ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ተተከለ።